ወንድሜ የተቀመጠበት ድንጋይ

ሰርግ ላይ እልል አልልም። የሰፈሩ ልጃገረዶች ይህን አመሌን ያውቁታል፤ ሙሽራ በመጣ ቁጥር ጎኔን እየጎነተሉ «እማማ፣ ዛሬስ?» ይሉኛል። ባለጌዎቹ ደግሞ «ጥርሷ አልቆ ነው፣ ነፋሱ እያመለጣት» ሲባባሉ እሰማለሁ። ጥርሴ አላለቀም። አራት ልጆች ድሬ በአራቱም ሰርግ አጨብጭቤያለሁ፣ ዘፍኛለሁ፣ ደስ ሲለኝም ጨፍሬያለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ እልል ያልኩት ግን የዛሬ አርባ ዓመት ግድም፣ ምዚንያቲ ወንዝ መልካው ላይ ነው። ወንድሜን የገደለው ያ እልልታ ነው።

«ኧረ ተዪ፣ ጥይት ነው የገደለው» ይሉኛል አዝነውልኝ። ጥይት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ጥይቱ ፊት ያቆመው ማን እንደሆነ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቤኪዝዌ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ሠላሳ ሊደፍን ጥቂት ቀርቶት ሚስት አልነበረውም፤ ንጉሡ ለጭፍራቸው ገና ትዳር አልፈቀደላቸውም። ዥጉርጉር ጋሻ ከሚይዘው ጭፍራ ነበር። ሳቂታ ነው፣ አይቸኩልም፤ የትም ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ መቀመጫ፣ ቀጥሎ የሱረት ቅሉን ነው የሚፈልገው። እናታችን ትዕግሥቱን ሁሉ ለእሱ፣ ምላሱን ሁሉ ለእኔ ሰጥቼ ጨረስኩ ትል ነበር።

እንግሊዞቹ ወንዙን ተሻግረው በገቡ ሰሞን፣ ሠራዊታችን ከግቢያችን ማዶ ካለው ሸንተረር ጀርባ ሰፈረ። ቤኪዝዌ ለግማሽ ቀን አስፈቅዶ ቤት መጣ። እናቴ እርጎ በቅል ሰጠችው። ግማሹን ጠጥቶ አፉን እንኳ ሳይጠርግ ወደ እኔ ዞረ።

«ኖህሌላ፣ አንቺን አስይዤሻለሁ» አለኝ።

«ምን አድርገኸኛል?»

«ንጉሡ ፊት ስንፎክር ነዋ። ከባለ ጥቁር ጋሻዎቹ አንዱ ዘሎ ወጣና ‹ከእኔ ቀድመህ ጠላት ከወጋህ የአባቴን ግቢ ከነከብቱ ውሰድ› አለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፤ እኔ ምን ላስይዝ? ‹አንተ ከቀደምከኝ እህቴን ውሰዳት› አልኩት።»

«ልጄ ጊደር ናት እንዴ የምታስይዛት?» አለች እናቴ።

«ጊደርስ ወተት ትሰጣለች» አለና ሳቀ።

«ሰውየው ማነው?» አልኩ፣ እንደተቆጣ ሰው ፊቴን ወደ ማሰሮው አዙሬ።

«ማቶሌ የሚሉት። እግሩ የሽመላ ነው የሚመስለው፣ መቼም ታውቂው ይሆናል።»

ማወቅማ አውቀዋለሁ። ዓመት ሙሉ በስውር ነጭ ጨሌ ስልክለት፣ እሱም አንገቱ ላይ አስሮት በደጃችን ሲያልፍ የነበረ ሰው ነው። ወንድሜ ይህን አያውቅም። ማሰሮው ላይ አቀርቅሬ የቀረሁት ፊቴን እንዳያይብኝ ነው። ማቶሌ ከቀደመ የእሱ ነኝ ማለት ነው፤ የአባቴን ፈቃድ መጠበቅ የለ፣ የሽማግሌ ምልልስ የለ። ያን ቀን በልቤ ያደላሁት ለማን እንደሆነ ልዋሻችሁ አልችልም።

አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ነበር። «እኔም በዕድሜው ንጉሡ ፊት የአባቴን ግቢ በሙሉ አስይዣለሁ» አለ። ሳቁን ሰማሁ። ምን እንዳሳቀው ግን አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ ኖሮ ዛሬ ይህን ባላወራሁ።

ከዚያ አባቴ ሳቁን ተወ። «ስማ» አለው፤ «ንጉሡ ምን ብሎ ላካችሁ?»

«አውሬው ጉድጓድ ከገባ አትከተሉት። ሜዳ ላይ ሲወጣ ነው የምትበሉት። ወንዙንም እንዳትሻገሩ፤ አገራችንን መጠበቅ እንጂ የሰው አገር መውረር አልፈለግሁም። እንዲህ ነው ያለን።»

«ያዘው ይህን። እኛ በሠረገላዎቹ ጊዜ የሚነግረን አጣን። ቦሮቹ፣ እነዚያ ነጭ ገበሬዎች፣ ሠረገላቸውን ደርድረው ከውስጥ ሲተኩሱብን እኛ በደረታችን ሄድንባቸው። ሦስት ወንድሞቼ ጀግና ተባሉ። ለእናቴ ግን ውኃ የሚቀዳላት አልቀረም፤ እኔ ብቻ ቀረሁ።»

«አውቃለሁ አባባ» አለ ቤኪዝዌ። ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል።

ውጊያው የሆነው ጨረቃ በሞተችበት ቀን ነው። እንዲህ ባለው ቀን አይዋጋም ስለተባለ ማንም አልጠበቀውም፤ ግን ጠዋት ከተራራው በኩል መድፉ ጀመረ። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ራሷ ደብዘዝ ብላ ዶሮዎቻችን ወደ ማደሪያቸው ሮጡ። ትንሽ ቆይቶ የሚሸሹ ነጮች በወንዙ በኩል ሲያልፉ አየን፤ ከኋላቸውም የእኛ ሰዎች። ድል ሆነ ተባለ። እኔና የጎረቤት ልጆች እርጎና ውኃ ተሸክመን ወደ መልካው ወረድን፤ አባቴም ምርኩዙን ይዞ ተከተለን።

መልካው ላይ ያገኘናቸው ባለ ዥጉርጉር ጋሻዎቹን ነበር። ድል ያደረገ ሰው ፊት አልነበራቸውም። ቀኑን ሙሉ ተጠባባቂ ሆነው ቆይተው፣ ሌላው ሲዋጋ እነሱ በዳር ዞረው፣ ሲደርሱ ሥራው አልቋል። ጦራቸው ደረቅ ነው፤ ደም አልነካውም። ቁጭ ብለው ሱረት እየሳቡ ማዶውን ያያሉ። ማዶ ክዋጂሙ የምንለው የሚስዮን ቤት አለ፤ ጥቂት ወታደሮች ግንብና ጆንያ ደርድረው ገብተውበታል። አዛዦቹ «ባዶ እጃችንን ከገባን ሴቶቹ በር ይዘጉብናል፤ ተነሱ» እያሉ ነው።

አባቴ መሃላቸው ገብቶ ቆመ። «ወዴት ነው? ንጉሡ ወንዙን አትሻገሩ አላለም? ያ ቤት ምንድነው፣ ጉድጓድ አይደለም እንዴ?»

«ሽማግሌው፣ ቤትህ ግባና እሳት ሙቅ» አለው አንዱ አዛዥ።

አባቴ እሱን ተወውና ልጁን ፈለገው። «ቤኪዝዌ፣ ቁጭ በል» አለው።

«አባባ፣ ሰው ፊት ነው።»

«ሰው ፊት ነው የምልህ። ቁጭ በል።»

ቤኪዝዌ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ከውኃው ዳር ያለች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ጋሻውን ጎኑ አጋደመና የሱረት ቅሉን ፈታ። ይህን ሲያዩ ሰባት ስምንት ጓደኞቹ አብረውት ተቀመጡ። ሌሎቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ውኃው መግባት ጀመሩ።

«ቤኪዝዌ» አለው አንዱ ከውኃው ውስጥ፣ «ጋሻህን ለእህትህ ስጣት፣ የእርጎውን ቅል ትክደንበት።»

«ምን ችግር አለው» አለ ወንድሜ እየሳቀ፣ «ዝንብ በዝቷል።»

«ስንመለስ ሚስት እናመጣልሃለን። እሷ ትዋጋልሃለች፣ አንተ ትፈጭላታለህ።»

«ቆንጆ ትሁን እንጂ እፈጫለሁ።»

ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። የሚሉትን ሁሉ እየመለሰላቸው፣ ሱረቱን ከመዳፉ ላይ እየሳበ ተቀመጠ። አባቴ ምርኩዙ ላይ ተደግፎ ትንፋሹን ሲለቅ አየሁት። ነገሩ አልቆ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አልቆ ነበር፤ እሱ ተቀምጧል፣ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች፣ ቤታችን ከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው።

በዚህ መሃል ማቶሌ ከዳገቱ ብቅ አለ። ክንዱ በሣር ታስሮ ደም ይንጠባጠባል፤ ጋሻው ሁለት ቦታ ተበስቷል። ላዩ ላይ ግን ቀይ ኮት አለ፤ ተገልብጦ፣ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ። ሰው የገደለ ሰው እስኪነጻ ድረስ የሟቹን ልብስ ለብሶ ነው የሚቆየው። ማቶሌ ወግቷል። ወንድሜ አልወጋም። ውርርዱ አለቀ፣ እኔ የማቶሌ ሆንኩ።

እልል አልኩ። አላሰብኩበትም፤ ከሆዴ ነው የወጣው። ጎረቤቶቼም ምኑንም ሳያውቁ ተቀበሉኝ፤ ገደሉ አስተጋባው። ውኃው ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። እኔ ምላሰኛዋ በዚህም አልበቃኝም፤ ወደ ወንድሜ ዞሬ «ተበላህ» አልኩት። በሳቅ ነው ያልኩት። ጨዋታ ነበር።

ቤኪዝዌ ማቶሌን አላየውም። እኔን ነው ያየኝ። ፊቴ ላይ ያለውን ደስታ አየ፤ ማለፊያ አድርጎ አየው። በውኃው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሲሰድቡት የሳቀው ሰው ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲጠፋ ተመለከትኩ። የሱረት ቅሉን ከደነው፣ ተነሣና በእጄ አስያዘኝ።

«ያዢልኝ፣ ውኃ እንዳይነካው» አለ።

«ቤኪዝዌ» አለው አባቴ።

ወንድሜ ጋሻውን አንሥቶ ውኃው ውስጥ ገብቷል። ዞር ብሎ «መጣሁ አባባ» አለ። አብረውት የተቀመጡት ሁሉ ተከትለውት ገቡ።

የሚስዮኑ ቤት ጣሪያ ሲቃጠል ከግቢያችን ሆነን አየነው። ተኩሱ አላቆመም። ንጋት ላይ የቀሩት ተመልሰው ሲሻገሩ የእያንዳንዱን ፊት አየሁ፤ ቅሉን በእጄ እንደያዝኩ። አብረውት ከተቀመጡት ውስጥ ሁለቱ መጡ። አንደኛው «ግንቡን በእጁ ሊገፋው ነበር» አለኝና አልፎ ሄደ።

ሰው ክፉ ነው። እነዚያ የተረፉት በየመንደሩ ሲያልፉ ሴቶቹ ከየደጁ «አፈር በጦር ስትጭሩ ነው ያደራችሁት» ይሏቸው ነበር። ሳይሄዱ ቢቀሩ ደረቅ ጦር ይባላሉ፤ ሄደው ቢዋጉ አፈር ጫሪ። አባቴ ግቢያችን ሰው በተቀመጠ ቁጥር አዛዦቹን ይረግማል። «ልጄን አዛዦቹ በሉት፤ የንጉሡን ቃል ረግጠው በሉት» ይላል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፤ አፌን ግን አልከፍትም።

በሁለተኛው ወር ማቶሌ መጣ። ነጽቶ፣ ኮቱን ጥሎ፣ አንዱን ክንዱን እንደ ድሮው ማንቀሳቀስ አቅቶት። ከግቢያችን ውጭ፣ ምንጩ ጋ አገኘሁት።

«ልትወስደኝ ነው?» አልኩት። «ወንድሜ አስይዞኝ የለ፤ አሸንፈሃል፣ ውሰደኝ።»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ምን ማለትሽ ነው? የንጉሡ ሜዳ ላይ የተባለ ውርርድ ማን ተቀብሎት ያውቃል? እዚያው ተብሎ እዚያው ነው የሚቀረው። ማንም የማንንም ግቢ አልወሰደ፣ ማንም የማንንም እህት አልወሰደ። ልብ ለማሞቅ ነው።»

«ወንድሜ ይህን ያውቅ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ? ልጅ እንኳ ያውቃል።»

ማድጋዬን መሬት አስቀመጥኩት። ስለዚህ ቤኪዝዌ እኔን እንዳይነጠቅ አልነበረም የተሻገረው። የሚነጥቀው አልነበረም። የገዛ እህቱ በመሸነፉ እልል ስትል ሰምቶ ነው የሄደው።

«አንተስ ለምን አልተሻገርክም?» አልኩት። ልጎዳው ፈልጌ ነበር።

«እኔ ኮት ለብሼ ነበር» አለ ማቶሌ። «ያንን ኮት ለብሶ ለተቀመጠ ሰው ማን ፈሪ ይለዋል? የንጉሡን ቃል መጠበቅ ለእኔ ቀላል ነበር። ወንድምሽ ግን፣ ከዳገቱ ስወርድ እንዳየሁት፣ በደረቅ ጦር፣ ጭፍራው ሁሉ እየተሻገረ እየሰደበው፣ ልጃገረዶች እያዩት ተቀመጠ። እኔ በጠዋቱ ውጊያ የሠራሁትን ሁሉ ደግሜ እሠራዋለሁ። እንደሱ መቀመጥ ግን የምችል አይመስለኝም። የዚያን ቀን ጀግና ያየሁት እሱን ነው፣ ድንጋይዋ ላይ እያለ።»

ይህን የሚነግረኝ እልልታው ለማን እንደነበር እያወቀ ነው። ከአንገቱ ጨሌዬን ፈትቶ ሰጠኝ። አልጠየቅኩትም፣ አልተቀየመኝም፤ ሁለታችንም ከዚያ በኋላ አብረን መኖር እንደማንችል ገብቶናል። ሌላ ሰው አገባሁ፤ ደግ ሰው ነበር።

በስምንተኛው ወር ጦርነቱ አለቀ፣ ንጉሡም ተይዞ በመርከብ ተወሰደ። ያኔ መሻገር ተቻለ። አባቴ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ቆርጦ ልጁን ሊያመጣ ሄደ። የሞተውን ከወደቀበት ጠርቶ ቅርንጫፉ ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ ቤት እስኪገባ ከሟቹ በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ መንገደኛ ሰላም ቢለው አይመልስም። አባቴም እንዲሁ አድርጎ ተመለሰ። ቅርንጫፉን ከጎጆው ጀርባ አስገብተን ፍየሏን አቀረብንላት። ቅጠሉን ከበላች ልጁ መጥቷል ማለት ነው። አሽትታው ፊቷን አዞረች።

አባቴ በሦስተኛው ቀን እንደገና ሄደ። ፍየሏ እንደገና ፊቷን አዞረች። እናቴ መሬት ላይ ተደፋች።

«በዚህ ቤት ከእሱ ጋር ነገር ያለው ሰው አለ» አለ አባቴ። «ያውጣው።»

ውኃ በቅል ቀረበ። ያለውን የተናገረ ሰው ተጉመጥምጦ ይተፋና አፉ ይጸዳል። እናቴ መጀመሪያ ያዘች። «ያን ቀን ግማሹን እርጎ ትቶ ሲሄድ ተቀይሜው ነበር» አለች፤ ተጉመጥምጣ ተፋች። አባቴ «ጓደኞቹ ፊት እንደ ሕፃን ቁጭ በል ብዬዋለሁ» አለ፤ እሱም ተፋ። ቅሉ እኔ ጋ ደረሰ።

ተናገርኩ። ጨሌውን፣ ውርርዱን፣ እልልታውን፣ «ተበላህ» ማለቴን። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን አስተያየት ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ውኃውን አፌ ውስጥ ያዝኩት እንጂ መትፋት አቃተኝ።

አባቴ ግን አልደነገጠም። «ሰምቼሻለሁ እኮ» አለ በቀስታ። «አጠገብሽ ነበር የቆምኩት።»

ስምንት ወር ሙሉ፣ ሰው ፊት ሁሉ፣ አዛዦቹን የረገመው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሰው ሌላ ተጠያቂ እንዳይፈልግ ነበር። እኔ ጓዳ ተደብቄ እሱ ደጅ ላይ ሲሸፍነኝ ኖሯል።

«ትፊው» አለኝ። ተፋሁ። «ነገ ቅርንጫፉን አንቺ ያዢ። አንቺን ነው የሚጠብቀው።»

በማግስቱ እኔ ፊት፣ አባቴ ራቅ ብሎ ከኋላዬ፣ ተሻገርን። ነጮቹ የእኛን ሰዎች ረጃጅም ጉድጓድ ቆፍረው አንድ ላይ ነው የቀበሯቸው፤ ሣር በቅሎበታል። ሌላ ሰው እንዳይነሣብኝ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጠራሁት። ቅርንጫፉን አፈሩ ላይ አሳረፍኩ። «እህትህ ነኝ፣ ተነሥ፣ ቤት እንሂድ» አልኩት። ከዚያ መንገዱን ሁሉ አወራሁለት። እናታችን እንዴት እንዳለች፣ የትኛዋ ላም እንደወለደች፣ ሱረቱን ደረቅ ቦታ እንዳስቀመጥኩለት፣ ምላሴ እንዳጠረ።

በኋላ ፍየሏ ቅጠሉን በላች፤ እናቴም የዚያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳት። የእኔ ነገር ግን ያለቀው ከዚያ በፊት፣ መልካው ላይ ነው። «ይኸው ወንዙ፣ አሁን እንሻገራለን» አልኩት፤ እንዲህ ማለት ግዴታ ነው። ውኃው ጉልበቴ ድረስ ነበር። በእኛ በኩል ስንወጣ ያቺ ጠፍጣፋ ድንጋይ እዚያው ናት። ቅርንጫፉን በላይዋ አስቀመጥኩት፤ የሱረት ቅሉንም ከመቀነቴ ፈትቼ አጠገቡ አኖርኩ። እኔ ሥሩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ከሩቅ ቆሞ ጠበቀን።

«መጣሁ ብለህ ነበር የሄድከው» አልኩት። «መጥተሃል። አሁን ተቀመጥ። እስኪበቃህ ተቀመጥ፣ ሱረትህን ሳብ፤ እኔ ምንም አልልም።»

ፀሐይዋ እስክታዘነብል ድረስ ተቀመጥን። አንዲት ቃል አልተናገርኩም።